በሦስተኛው መታጠፊያ፣ በግራ በኩል ያለው ባምጋርት

እስቲ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ይህች አግዳሚ ለሁላችንም ትበቃለች። የተጠበሰውን ድንች ወዲህ አሳልፉት፣ ኮምጣጤውንም አትርሱ። ሰልፉ እንደሆነ ገና ነው፣ የትም አይሄድባችሁም። እዚያ የመዝናኛ ፓርኩ ጨለማ ቤት ከመግባታችሁ በፊት የምነግራችሁ ነገር አለኝ። እኔ ዝም ብዬአችሁ፣ እናንተም ቀኝ ቀኙን ብቻ እያያችሁ ወጥታችሁ፣ «ደህና ነው፣ ለልጆች ጥሩ ነው» ብላችሁ መኪናችሁን አስነስታችሁ ብትሄዱ፣ አንጀቴ እርር ይላል።

ቬርና እባላለሁ። እዚሁ ሐይቁ ዳር ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ነኝ። ትምህርቴን ሳልጨርስ ነው ጠርሙስ ፋብሪካ የገባሁት፤ ስለዚህ አነጋገሬ እንደ መጽሐፍ ካልተሰደረ ይቅር በሉኝ። ያየሁትን ግን አይቻለሁ።

ባምጋርት ጃርት ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት መልስ በከተማችን ቴሌቪዥን የሚመጣ የካርቱን ጃርት። ሥራው የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ችግሩ ጨለማ ይፈራል። ቀልዱ ሁሉ ይኸው ነበር። ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ፋኖሱን አንጠልጥሎ፣ «ማን ነው? ማን ነው እዚያ?» እያለ ከገዛ ጥላው ጋር ሲሯሯጥ ያመሻል። እኛም ወለል ላይ ተዘርግተን እስኪያመን እንስቃለን።

ፓርኩ ይህን ጨለማ ቤት የሠራው በእሱ ስም ነው። ሁለት ሁለት ሰው የምትይዝ ጋሪ ላይ ትቀመጣላችሁ፤ ጋሪዋ በሐዲዷ ላይ እየተንገጫገጨች በሩን በግንባሯ ገፍታ ድቅድቁ ውስጥ ትገባለች። በየመታጠፊያው ያ ነጭ ነገር ሁሉ እንዲያበራ የሚያደርገው ሐምራዊ መብራት ቦግ ይልና አንድ ነገር ታያላችሁ፤ የሚያዛጋ ጉጉት፣ የሚያንኮራፋ ድብ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ባምጋርት ራሱ ፋኖሱን ይዞ ቆሟል። ልማዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ ብቻ የአገሩ ሰው ሁሉ፣ ዳኛውም፣ መኪና ጠጋኙም፣ ቄሱም፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንደምን አመሸህ ባምጋርት!» ይላል። እንዳይፈራ ነዋ! የመጣነው እኛ መሆናችንን እንዲያውቅ። እሱም ባርኔጣውን ብድግ ያደርጋል። ውስጡ ያለው ሽቦ ሲጥ ይላል። ዘይት ይቀባ ያለ ሰው ቢመጣ ደግሞ ከተማው በሙሉ ይጣላው ነበር።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእሱ ነውና።

ኤልዊን ታናሼ ነው። ከተወለደ ጀምሮ አእምሮው ከሌላው ሰው ረጋ ብሎ ይሄዳል። ዛሬ ፀጉሩ ከእኔ ይልቅ ነጭ ነው፤ ነገር ግን የጫማውን ክር እኔ ነኝ የማስርለት። ልጅ ሆኖ ጨለማ አይችልም ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ጩኸቱ ጎረቤት ይሰማል። እናታችን የሐኪም ምክር ሁሉ ሞክራ ሲደክማት፣ አንድ ቅዳሜ እጁን ይዛ እዚህ አመጣችው። ጋሪዋ ውስጥ ክንዷን ጭምድድ አድርጎ ያዛት። ሦስተኛው መታጠፊያ ሲደርሱ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ፣ «አየኸው? እሱም ይፈራል እኮ። አንተ ሰላም ስትለው ግን ይበረታል» አለችው። ኤልዊንም እየተንቀጠቀጠ ሰላም አለው። ባርኔጣው ብድግ፣ ሽቦው ሲጥ። ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ ጨለማን አልፈራም። ሥራ አለውና ምን ጊዜ አግኝቶ ይፈራል? በየቅዳሜው ባምጋርትን ማበርታት አለበት።

እናታችን ስትሞት እንኳ፣ የቀብሩ ሳምንት ቅዳሜ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ቬርና፣ ይጠብቀናል እኮ» አለኝ። ሄድን።

የምነግራችሁ ባምጋርት ታዲያ ቆንጆ አልነበረም። ስንቱ ቀቢ ተፈራርቆበታል! ግራ ዓይኑ ደብዝዞ ከቀኙ ዝቅ ብሏል። አንዱ ጎረምሳ ኳስ ወርውሮ ያጎበጣት እሾህ ግንባሩ ላይ ዘንበል ብላ ቀርታለች። አፍንጫው ተፋፍቋል። እኛ የምናውቀው ግን እሱን ነው።

ባለፈው ግንቦት ፓርኩ ሲከፈት በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «አዲሱን ባምጋርት ተዋወቁት!» ይላል። ካርቱኑን አንድ ሩቅ ያለ ድርጅት ገዝቶት፣ ለአሁን ልጆች እንደገና ሥሎት፣ ፓርኩም እሱን ተከትሎ ኖሯል። እኔ ሰሌዳውን አንብቤ ቅር አለኝ፤ ኤልዊን ግን ማንበብ ስለማይችል እንደ ልማዱ ደስ ብሎት ገባ።

ሦስተኛው መታጠፊያ ደረስን። ኤልዊን ደረቱን ነፍቶ «እንደምን አመ...» ብሎ ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። የቆመው ነገር ዓይኑ እንደ ሳህን የፈጠጠ፣ እሾሁ እንደ ፀጉር ብሩሽ የለሰለሰ፣ ጥርሱን ገልፍጦ እጁን የሚያወዛውዝ ፍጥረት ነው። ፋኖስ የለ፣ ባርኔጣ የለ። እሱ ራሱ ነው ቀድሞ የሚጮኸው፤ «ሃይ ጓደኞች! ድግሱ ተጀመረ!» ይላል በድምፅ ማጉያ። የሚፈራ አይደለም! ጨለማ የማይፈራ ባምጋርት ምን ይሠራልናል? እኛስ ለምን ሰላም እንላለን?

ስንወጣ ኤልዊን ከጋሪዋ አልወርድ አለ።

«የት ሄደ?» አለኝ።

«ቀይረውታል፣ ወንድም ዓለም።»

«እሺ፣ የት ሄደ?»

«አላውቅም።»

«መብራት አለው?»

እጁን ይዤ ቤት ወሰድኩት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ኮቱን አላነሳም። የሚቀጥለውም እንደዚያው። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ውጭ ውጭውን ያያል፤ የሠራሁለትን ሾርባ ያማስላል እንጂ አይጠጣም። በየመሐሉ፣ «ቬርና፣ ብቻውን ነው?» ይለኛል። ከመሸ በኋላ ደግሞ የመኝታ ቤቱን መብራት አላጠፋም አለ። እናታችን የገነባችውን ነገር አንድ ድርጅት በአንድ ቀን ናደው፣ ይታያችሁ! ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ሰው ሕፃን አድርጎ ዳግም ጨለማ ማስፈራት ምን የሚሉት ንግድ ነው?

እንግዲህ ቱግ ያልኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። «የባምጋርት ወዳጆች» የሚባል ማኅበር አለን። በክረምት፣ በረዶ ወርዶ ፓርኩ ሲዘጋ፣ ስለ ፓርኩ የምናወራበት ነው፤ በበጋ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ ሆነን ስለ ፓርኩ እናወራለን። በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሰው ወንበር አጥቶ በግድግዳው ዙሪያ ቆመ። ጣቢያው ለራሱ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ፒሮጊ የሚባል ድንች የተጠቀለለበት ሊጥ እየሸጠ ስለነበር ሁሉም ሳህኑን ይዞ ነው የሚጮኸው።

«የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነው እኮ የሚመስለው!»

«ጃርት ነው ወይስ ትራስ? እስቲ ንገሩኝ! እኔ እቅፍ የሚደረግ ጃርት አላውቅም!»

«ልጄ አይታው ‹አባዬ፣ ይሄ ምን ይሸጣል?› አለችኝ!»

ሊቀ መንበራችን ዱዌን ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሰደርያው በፓርኩ የቆርቆሮ ዓርማዎች የተሸፈነ፣ ሲራመድ እንደ ቃጭል የሚንሿሿ ሰው። ከሁሉም አብልጦ የሚቆጣው እሱ ነበር። ጠረጴዛውን ደበደበ። «ይህ ውርስ ነው! ውርሳችንን እንደ አሮጌ ምንጣፍ ጠቅልለው ጣሉት! ዋናው መልኩ እስኪመለስ ድረስ የዓመት ትኬታችንን እንሰርዛለን!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ።

ችግሩ «ዋናው መልኩ» የትኛው ነው የሚለው ላይ መጣ።

«የመጀመሪያው ዓመት ነው ዋናው» አለ ዱዌን። «ባርኔጣው አረንጓዴ የነበረው።»

«ሰማያዊ ነው!» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«በሐምራዊው መብራት ሰማያዊ ይመስላል እንጂ አረንጓዴ ነው።»

«አንተ ያኔ አልተወለድክም!»

«ፎቶ አለኝ!»

«ፎቶህ ጥቁርና ነጭ ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ፤ ከዚያ በባርኔጣ ቀለም ምክንያት አማችና አማች ሊማቱ ደረሱ። በዚያ መሐል ታቢታ የምትባል ወጣት እናት እጇን አነሳች። ስለ ፓርኩ ቪዲዮ እየሠራች በስልክ የምትለቅ ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ።

«እባካችሁ አትጩሁብኝ» አለች። «የእኔ ልጅ ጁኒፐር አሮጌውን ትፈራው ነበር። አምና በሩ ላይ አልቅሳብኝ ተመለስን። አዲሱን ግን ትወደዋለች። እጇን ስታወዛውዝለት ብታዩ...»

«ውይ! አሳፋሪ!» አሏት። «ያሳደገሽን ፓርክ!» አሏት። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ተቀመጠች። እኔ ያን ቀን አልተከላከልኩላትም፤ ልቤ ኤልዊን ጋ ነበር። ይልቅ ተነሥቼ፣ «ሁላችሁም ስለ ፎቶና ስለ ቀለም ታወራላችሁ። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። አሮጌው ራሱ፣ ግንባሩ ላይ እሾሁ የጎበጠችው፣ የት ነው ያለው? ወንድሜ ምግብ ትቷል። የት እንዳለ ልንገረውና ይረፍ» አልኩ።

ዱዌን ፒሮጊውን በሹካ ወጋ አደረገና፣ «ይሄ አሁን የዋናው መልክ ጉዳይ ነው፣ ቬርና። አጀንዳውን አናምታታ» አለኝ።

አጀንዳ! እሺ ብዬ ተቀመጥኩ።

ድምፅ ተሰጠ፤ «የመጀመሪያው ዓመት» አሸነፈ። ዱዌንና ጓደኞቹ ሄደው የፓርኩን ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ክራንዳልን አፋጠጧት። ሴትየዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ትኬት የሚሰርዘው ሲበዛባት፣ ካርቱኑን ከገዛው ድርጅት ጋር ብዙ ተጨቃጭቃ ፈቃድ አገኘች። ሐምሌ መሐል ላይ እንደ መጀመሪያው ዓመት ሆኖ የተሠራ ባምጋርት ይቆማል ተባለ። ማኅበራችን በደስታ ሰከረ። እኔም ቤት እየበረርኩ ገብቼ፣ «ኤልዊን! ኮትህን አምጣ! ተመልሷል!» አልኩት።

ሰውዬው ከመስኮቱ ሥር ብድግ ሲል፣ እኔ እህቱ፣ ያን ፊት ለማየት ስንት ሳምንት እንደጠበቅኩ እግዜር ያውቃል።

ሰልፉ እስከ መኪና ማቆሚያው ነበር። ሁሉም ማኅበርተኛ በአረንጓዴ ባርኔጣ። ጋሪያችን ገባች። ጉጉቱ አዛጋ፣ ድቡ አንኮራፋ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ መብራቱ ቦግ አለ። ፋኖስ አለ፣ ባርኔጣ አለ፣ አረንጓዴ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ እኩል ያበራሉ፣ እሾሁ ሁሉ ቀጥ ያለ። እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጫል። ባርኔጣውን ሲያነሳ ድምፅ የለውም።

ኤልዊን ለረጅም ጊዜ አየው። ጋሪዋ ታጠፈች።

«ይሄም እሱ አይደለም» አለኝ በጣም በቀስታ።

እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው ነገሩ የገባኝ። አስቡት እንግዲህ! በዚያ አዳራሽ ከጮኸው ሰው መሐል ያንን አዲስ የተቀባ ባምጋርት በዓይኑ ያየ አንድ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁላችንም ያደግነው በተፋፋቀው፣ በጎበጠው ነው። ያንን ትተን፣ ከፎቶ ላይ አንድ እንግዳ ሰው አምጥተን፣ «ዋናው ይኸውላችሁ» ብለን አቆምን። ይህን ስሕተት ከእኛ ዓይነቱ በስተቀር ማን ይሠራዋል? እኛ አብዝተን የምንወደው ሰዎች ነን የሠራነው!

መውጫው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ። ታቢታ ትንሿን ጁኒፐርን ታቅፋ ቆማለች፤ ልጅቷ ከንፈሯ ተንቀጥቅጦ እንባዋ ይወርዳል።

«የድግሱ ባምጋርት የት ሄደ?» ትላለች። «ደህና ሁኚ ሳይለኝ ሄደ!»

«ደስ አላችሁ አሁን?» አለችኝ ታቢታ። «እትዬ ቬርና፣ ለእርስዎ ማለቴ አይደለም... ግን ደስ አላችሁ?»

ኤልዊን ግን ልጅቷን አያት፤ አያትና እጄን ሳብ አደረገ። «እሷም ጠፋባት» አለ።

ከዚያ በቀጥታ ወይዘሮ ክራንዳል ቢሮ ሄድኩ። አላንኳኳሁም።

«አሮጌውን የት አደረሳችሁት?» አልኳት።

ሴትየዋ ግራ ገባት። «ወይዘሮ ቬርና፣ ልንጥለው ስንል እኮ ከማኅበራችሁ ነው የወሰዱት። ሊቀ መንበሩ። በገዛ መኪናው መጥቶ ጫነው። ‹እኛ እንጠብቀዋለን› አለኝ። አልነገራችሁም እንዴ?»

አልነገረንም! አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ጠረጴዛ እየደበደበ «ጣሉት!» ሲል፣ ሰውየው የጣሉትን ምድር ቤቱ ቆልፎበታል! የወንድሜን ነገር ሰምቶ ፒሮጊ ሲወጋ!

ኤልዊንን መኪና ውስጥ ከትቼ ዱዌን ቤት ሄድኩ። በሩን ሲከፍት ፊቴን አይቶ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ዓርማዎቹ ተንሿሹ።

«ቬርናዬ፣ እንዴት...»

«ቬርናዬ አትበለኝ! የት አለ?»

«ስሚኝ፣ ባልወስደው ኖሮ እኮ ቆሻሻ መኪና ላይ ነበር የሚጫነው። አዳንኩት!»

«ማዳንህን ለምን ደበቅከው?»

«ሁሉም መጥቶ ሊነካካው ነው! ቀለሙ እኮ ይራገፋል። ወረቀትና ሙጫ ነው። ጨለማ ቤቱ ደግሞ እርጥበት አለው፤ እዚያ ቢቆይ በስብሶ ያልቃል። እዚህ ሙቀቱ የተመጠነ ነው።»

«ወንድሜስ? የእሱ ነገር በምን ተመጠነ?»

ፊት ለፊት ቆመን ስንፋጠጥ ኤልዊን ከመኪናው ወርዶ በመሐላችን አልፎ ደረጃውን መውረድ ጀምሯል። ማን እንደነገረው አላውቅም። ተከተልነው።

ምድር ቤቱ እንደ ሙዚየም ነው። ግድግዳው ሙሉ አሮጌ ትኬት፣ አሮጌ የጋሪ ቁጥር፣ አሮጌ ሰሌዳ። ጥግ ላይ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ የመስታወት ሣጥን። ዱዌን ጨርቁን ገፈፈ። ነበረ። ግንባሩ ላይ እሾሁ ጎብጣ፣ ግራ ዓይኑ ዝቅ ብሎ፣ ፋኖሱን እንደያዘ።

ኤልዊን ጨርቁን ከዱዌን እጅ ወስዶ አየው።

«ይህን ለምን ታለብሰዋለህ?»

«ብርሃን ቀለሙን ስለሚበላው ነው፣ ኤልዊን። ጨለማ ውስጥ ሲሆን ይቆያል።»

«ጨለማ ውስጥ ብቻውን?»

«እ... አዎ።»

«ማን እንደምን አመሸህ ይለዋል?»

ዱዌን፣ ያ ሁሉን የሚያውቅ ሰው፣ የትኛው ጋሪ በየትኛው ዓመት ምን ቀለም እንደተቀባ የሚነግራችሁ ሰው፣ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ወንድሜም አልጠበቀውም። ወደ ሣጥኑ ቀረበና እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ፣ «እንደምን አመሸህ ባምጋርት!» አለ። ውጭው እኮ ጠራራ ፀሐይ ነው።

ባምጋርት ዝም አለ። የሚያንቀሳቅሰው ነገር የለማ። ኤልዊን ጠበቀ። አሁንም ጠበቀ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲጨልም አየሁና እኔ ራሴ ዞር አልኩ።

ያን ጊዜ የመስታወቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። ዱዌን ነው። ማንም እንዳይነካው የደበቀውን ነገር በሁለት ጣቱ ያዘና ባርኔጣውን ብድግ አደረገው። ሽቦው ሲጥ አለ።

ኤልዊን ሣቀ። ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ዱዌን ደግሞ ባርኔጣውን እንደያዘ እዚያው ቆመ፤ አፍንጫውን በእጅጌው ሲጠርግ አይቼዋለሁ፣ እሱ ግን «አቧራ ነው» ነው የሚለው።

«ወደ ቤቱ እንውሰደው» አለ ኤልዊን። «እዚህ ማንም አያልፍም።»

«ይበሰብሳል እኮ» አለ ዱዌን፤ ድምፁ ግን የቅድሙ አልነበረም።

«እኔም አርጅቻለሁ» አለ ወንድሜ።

ወሰድነው። በብርድ ልብስ ጠቅልለን በእኔ መኪና፣ ኤልዊን ኋላ ተቀምጦ ፋኖሱን ይዞለት። ወይዘሮ ክራንዳል መጀመሪያ እጇን ራሷ ላይ አደረገች። ማኅበሩ የመጀመሪያውን ዓመት መርጧል፣ ድርጅቱ የፈቀደው ያንን ነው፣ እንዴት አድርጌ ሌላ አቆማለሁ አለች። ዱዌን ነው፣ ልብ በሉ፣ ያው ዱዌን ነው እንዲህ ያላት፦ «መሐል ላይ አይቁም። በሦስተኛው መታጠፊያ በግራ በኩል ባዶ ጥግ አለ። እዚያ ይቁም። ማንም አያስተውለውም፤ የሚፈልገው ሰው ያየዋል።»

ሴትየዋ አሰበችና እሺ አለች። ልንወጣ ስንል ኤልዊን በሩ ላይ ቆመ።

«የልጅቷስ?»

«የየትኛዋ ልጅ?» አለች ወይዘሮ ክራንዳል።

«ያለቀሰችው። የእሷም ይመለስላት።»

ዱዌን ሊቃወም አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንን ሳህን ዓይን ዛሬም አልወደውም። ጥርሱን ሳይ ጥርሴን ያመኛል። ግን የአራት ዓመት ልጅ ከወንድሜ በምን ታንሳለች?

እነሆ አሁን ሦስት ናቸው። በቀኝ በኩል የሚያብለጨልጨው፣ ማኅበሩ የመረጠው። በግራ፣ ጥጉ ውስጥ፣ የእኛው። ሳህን ዓይኑ ደግሞ መውጫው በር ላይ፣ ፀሐይ በሚገባበት። ማኅበርተኞቻችን አብደዋል! «ሦስት ባምጋርት በአንድ ቤት! የትኛው ዘመን ነው? ይህ ምን ዓይነት ድብልቅልቅ ነው?» እያሉ በስልካቸው ይጨቃጨቃሉ፤ በሚቀጥለው ክረምት ዱዌንን ከሊቀ መንበርነት ሊያወርዱት ነው አሉ። ያውርዱት። እኔ በበኩሌ ገና አልበረድኩም፤ አንድ ሩቅ ያለ ድርጅት ሳይጠይቀን ጃርታችንን ትራስ ስላደረገብን፣ እኛም ወንድሜን ሳንጠይቅ ፎቶ ስላቆምንበት፣ ሳስበው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ኤልዊን ግን ተቀይሞ አያውቅም። ያውላችሁ ሰልፉ ውስጥ፣ ያ ነጭ ፀጉር፣ የጁኒፐርን እጅ የያዘው። ዛሬ ቅዳሜ አይደል? የቀኙን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ለግራው «እንደምን አመሸህ» ይለዋል። መውጫው ላይ ለሳህን ዓይኑ ደግሞ፣ ብርሃን ነውና፣ «እንደምን አደርክ» ይለዋል። ልጅቷም አብራው ትላለች።

ዱዌን የፈራው እውነት ነው፤ እርጥበቱ ሥራውን ጀምሯል። የባምጋርት አፍንጫ ላይ አዲስ የተላጠ ቦታ አይቻለሁ። አንድ ቀን አይኖርም፤ ወንድሜም፣ እኔም እንዲሁ።

በሉ፣ ሰልፉ ተንቀሳቅሷል፣ ተነሡ። ድንቹን ተዉልኝ። እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሁሉም ወደ ቀኝ ሲያይ እናንተ ወደ ግራ እዩ። እሾሁ የጎበጠችውን ነው። እንዳይፈራ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉለት። እኛ ባንኖርም ደግሞ፣ እዚያ ጥግ ጨለማ ውስጥ አንድ ሰላምታ የሚጠብቅ እንዳለ ልባችሁ ውስጥ አኑሩልኝ፣ እናንት ልጆቼ።